«ልጄ፣ በስህተት ወዳንቺ ብር ልኬ ነው»፦ በስልካችን የሚመጡ ማጭበርበሪያዎች እና መከላከያቸው

ሰሞኑን አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር ጻፈችልን። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ስሟን እንዳንጠቅስ ስለጠየቀችን አንጠቅስም። ታሪኳን ግን «ሌላ ሰው እንዳይበላ ንገሩልኝ» ብላ ፈቅዳልናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ክላስ ውስጥ እያለች አጭር የጽሑፍ መልእክት ገባላት። 7,500 ብር ገቢ እንደተደረገላት ይናገራል። አጻጻፉ ሁልጊዜ ከሚደርሳት ጋር አንድ ነው፤ ቀን አለው፣ የግብይት ቁጥር አለው፣ መጨረሻው ላይ «እናመሰግናለን» ይላል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልክ ተደወለላት። የትልቅ ሴት ድምፅ ነው፤ ታለቅሳለች።

«ልጄ፣ በስህተት ወዳንቺ ብር ልኬ ነው። ልጄ ሆስፒታል ተኝቶብኝ የመድኃኒት መግዣ ነበር። አንድ ቁጥር ተሳስቼ ነው። በእናትሽ መልሽልኝ፣ ፋርማሲው ሊዘጋብኝ ነው።»

ልጅቷ «እሺ እናቴ፣ አይዞዎት፣ አሁኑኑ» አለች። ከክላስ ወጣችና በተሰጣት ቁጥር 7,500 ብር ላከች። ሴትየዋ መርቃት ስልኩ ተዘጋ።

ማታ የቤት ኪራይ ልትከፍል ሒሳቧን ስታይ የቀራት ከ300 ብር በታች ነው። በስህተት የገባ ብር የሚባል ነገር አልነበረም። የላከችው ቤተሰቦቿ ለኪራይና ለወሩ ወጪ የላኩላትን የራሷን ብር ነው።

«ከብሩ በላይ ያመመኝ ሰው ልረዳ ብዬ መበላቴ ነው» ብላናለች። ለአንድ ሳምንት ለማንም አልተናገረችም። አፍራ!

እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳነው በዚህች «አፍሬ ነው» በምትለው ቃል ምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚበላው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። አጭበርባሪዎቹ የባንክ ሲስተም ሰብረው አይገቡም፤ እሱ ከባድ ነው። የሚገቡት በእኛ ይሉኝታ፣ በእኛ ርኅራኄ፣ በእኛ ችኮላ እና ሥራ በማጣት ጭንቀታችን በኩል ነው። ከተበላን በኋላም ያው ይሉኝታ አፋችንን ይዘጋዋል፤ ሌላው ሰው ደግሞ በዚያው መንገድ ይበላል።

ስለዚህ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። መጀመሪያ ግን አንድ መሠረታዊ ነገር።

🔴 ሁሉም የሚፈልጉት ከሦስት ነገሮች አንዱን ነው

ታሪኩ ይለያያል፤ ዛሬ ሆስፒታል ነው፣ ነገ ሽልማት፣ ከነገ ወዲያ ሥራ። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ነገር ግን ሁሌም ከእነዚህ አንዱ ነው፦

1. ኮድ፦ በመልእክት የሚመጣላችሁ የአንድ ጊዜ ቁጥር (ኦቲፒ የምንለው)
2. ፒን ወይም ፓስዎርድ
3. በገዛ እጃችሁ ብር እንድትልኩ

ሞባይል ገንዘብ ኑሯችንን በጣም አቅልሎታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በ2015 መጨረሻ ተከተለ፤ የባንክ አፖችም አሉ። ዛሬ ሻይ ጠጥተን በስልክ እንከፍላለን። ግን አንድ ነገር አብሮ ተቀየረ። ድሮ ብራችንን ለመውሰድ ሌባው ኪሳችን ድረስ መምጣት ነበረበት። አሁን እኛው አውጥተን እንድንሰጠው ማሳመን ብቻ ይበቃዋል። ብሩ ደግሞ በሰከንድ ውስጥ ይሄድና ወዲያው ወደ ሌላ ሒሳብ ይተላለፋል ወይም ከወኪል ዘንድ በካሽ ይወጣል። መመለስ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስልክ ላይ ያለው ሰው ታሪኩ ምንም ያህል ልብ ቢነካ፣ ጥያቄው ወደ ኮድ፣ ወደ ፒን ወይም ወደ «ላክ» ሲዞር እዚያ ላይ ቁሙ።

🔴 አንደኛ፦ «በስህተት ልኬ ነው»

ተከታታያችን የተበላችው በዚህ ነው። መልእክቱ ሐሰተኛ ነው፤ ከተራ ስልክ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ማንም ሰው ቀድሞ የደረሰውን እውነተኛ መልእክት ኮፒ አድርጎ፣ ስምና የብር መጠን ቀይሮ ሊልክላችሁ ይችላል።

መጀመሪያ የላኪውን ስም እዩ። የቴሌብር መልእክት 127 ብሎ ይመጣል እንጂ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር አይመጣም። ነገር ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ የላኪ ስምም ሊመሰል ይችላል። አስተማማኙ መንገድ አንድ ነው፤ መልእክቱን ትታችሁ ራሳችሁ አፑን ከፍታችሁ ወይም *127# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን ማየት። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ ይሠራል። ብሩ ሒሳቡ ላይ ከሌለ አልገባም። በቃ።

አንዳንዴ ግን ብሩ በትክክል ገብቶ ይገኛል። ያኔስ? ያኔም ራሳችሁ አትመልሱ። ምክንያቱም ብሩ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ «መልሱልኝ» የተባላችሁበት ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ መንገድ ሳታውቁት የሌባ መተላለፊያ ትሆናላችሁ። ለደዋዩ በትሕትና እንዲህ በሉ፦ «እሺ፣ ብሩን አልነካውም። እርስዎ ለባንክዎ ያመልክቱ፣ እነሱ ይመልሱልዎታል።» እውነት የተሳሳተ ሰው ይህን ይቀበላል። አጭበርባሪ ከሆነ ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ «ፖሊስ አመጣብሻለሁ» ይላል። ልዩነቱን እዚያ ላይ ታዩታላችሁ።

🔴 ሁለተኛ፦ «ከባንክ ነው የምደውለው»

ድምፁ ጨዋ ነው። ሙሉ ስማችሁን ያውቃል። «ሒሳብዎ ሊታገድ ነው»፣ «መረጃዎን እያደስን ነው»፣ «የ20 ሺህ ብር እድለኛ ሆነዋል» ይላል። ቀጥሎ፦ «አሁን ስልክዎ ላይ ቁጥር ይገባል፣ እሱን ያንብቡልኝ።»

ስማችሁን ማወቁ አያስደንቃችሁ። በሞባይል ብር ለመላክ ቁጥር ስናስገባ የተቀባዩ ስም ይመጣልን የለ? እሱም እንደዚያው አይቶት ነው። ፌስቡካችንና ቲክቶካችን ላይ ደግሞ ቀሪውን እኛው ጽፈንለታል።

ታዲያ ያ ቁጥር ምንድን ነው? አጭበርባሪው በራሱ ስልክ ላይ በእናንተ ቁጥር ወደ ሒሳባችሁ ሊገባ እየሞከረ ነው። ሲስተሙ ደግሞ «ባለቤቱ ራሱ መሆኑን ላረጋግጥ» ብሎ ቁጥሩን ለእናንተ ይልካል። ስለዚህ ቁጥሩ የቤታችሁ ቁልፍ ነው። አነበባችሁለት ማለት በር ከፈታችሁለት ማለት ነው።

ባንክም ሆነ ቴሌ ደውሎ ፒን ወይም ኦቲፒ አይጠይቅም። ሥራ አስኪያጁም፣ «የደህንነት ክፍል ነኝ» ባዩም አይጠይቅም። እነሱ ሥራቸውን ለመሥራት የእናንተ ፒን አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት «ሒሳቤ ላይ 50 ብር ነው ያለው፣ ምን ይወስዱብኛል?» ይላል። ተሳስታችኋል። ቴሌብር ላይ እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ያሉ የብድር አገልግሎቶች አሉ። ሒሳባችሁ ውስጥ የገባ ሰው በእናንተ ስም ሊበደር ይችላል። ብሩን እሱ ይወስዳል፣ ዕዳው እናንተ ላይ ይቀራል።

ሌላም አለ። አንዳንዶቹ ኮድ ከመጠየቅ ይልቅ «*21* ብለሽ ይህን ቁጥር አስገቢና ደውዪ» ይላሉ። ይህ ወደ እናንተ የሚደወለውን ስልክ ሁሉ ወደ እነሱ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ካደረጋችሁት አትደንግጡ፤ ##002# ብላችሁ ደውሉ፣ የተዞረው ሁሉ ይሰረዛል።

«ይህን አፕ ጫኑ» ብለው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ኤፒኬ ፋይል የሚልኩም አሉ። የባንክ አፕ የሚወርደው ከፕሌይስቶር ወይም ከአፕስቶር ነው። በቻት የመጣ ፋይል ጭናችሁ «የጽሑፍ መልእክቶችን እንዲያነብ ፍቀድ» የሚለውን ስትጫኑ፣ ኮዱን ሳትነግሩት ራሱ እያነበበ ይወስደዋል።

🔴 ሦስተኛ፦ የቴሌግራም ጠለፋ

ይህ በወጣቱ ዘንድ በጣም ተዛምቷል። ከጓደኛችሁ አካውንት እንዲህ የሚል ይመጣል፦ «ሰላም ነው? የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ እዚህ ሊንክ ገብተህ ድምፅ ስጥልኝ።» ይሉኝታ አለና እምቢ አይባልም። ሊንኩን ስትከፍቱ ስልክ ቁጥራችሁን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ በቴሌግራም የመጣላችሁን ኮድ ይጠይቃል። ስታስገቡት አለቀ፤ አካውንታችሁ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ተከፍቷል። የላከላችሁ ጓደኛችሁም ቀድሞ የተጠለፈ ነው።

ከዚያ ሌባው ቻታችሁን ያነባል። እናትህን «እማዬ» ነው የምትላት ወይስ «እናቴ»፣ ውጭ ያለው ማን ነው፣ ማን ብር ይልክልሃል... ሁሉንም ያያል። ቀጥሎ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ችግር ገጥሞኝ ነው፣ 5 ሺህ ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ይላል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች አክስታችሁ ዘንድ ደግሞ መጠኑ ከፍ ይላል። እሷ እዚያ ሆና ማጣራት ስለማይቀላት፣ የላከው የእህቷ ልጅ ስለሚመስላት ትልካለች።

መከላከያው፦

👉 ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አብሩ። ራሳችሁ የምታውጡት ተጨማሪ ፓስዎርድ ነው። ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ይህ ከሌለው አይገባም። ብትረሱት የምታስመልሱበት ኢሜይልም አስገቡ።

👉 ሰው በቻት ብር ሲጠይቃችሁ በመደበኛ ስልክ ደውሉለት። በቴሌግራም አትደውሉ፤ የሚያነሳው ሌባው ነው። የድምፅ መልእክት ቢመጣም አትመኑ፤ የድሮውን አውጥቶ ሊልክ ይችላል።

ቀድማችሁ ከተጠለፋችሁስ? አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። በቴሌግራም አሠራር አዲስ የገባ ስልክ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎቹን ስልኮች ማስወጣት አይችልም። እናንተ ግን እሱን ማስወጣት ትችላላችሁ። ስለዚህ ሳትውሉ ሳታድሩ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ተጫኑ። ሌባው ይባረራል። ከዚያ ቱ-ስቴፑን አብሩ። «ነገ አየዋለሁ» ካላችሁና 24 ሰዓቱ ካለፈ ግን የሚባረረው እናንተ ትሆናላችሁ።

🔴 አራተኛ፦ ሥራ፣ ታስክ፣ «ብርዎን እጥፍ ያድርጉ»

«ቪዲዮ ላይክ በማድረግ ብቻ በቀን 800 ብር።» የመጀመሪያ ቀን ሦስት ቪዲዮ ላይክ ታደርጋላችሁ፣ እውነትም 150 ብር ይገባላችኋል። ታምናላችሁ። በሁለተኛው ቀን «ወደ ቪአይፒ ደረጃ ለማደግ 2,000 ብር ማስያዣ» ይባላል። ከዚያ 6,000። ብራችሁን ልታወጡ ስትሉ «መጀመሪያ ታክስ ይከፈል» ይመጣል። ያቺ 150 ብር መንጠቆው ላይ የተሰካች ትል ነበረች።

በኢንቨስትመንት ስም የሚመጣውም ወንድሙ ነው። «1,000 ብር ያስገቡ፣ በየቀኑ 50 ብር ያግኙ» ይላል። እስቲ አብረን እናስላው። በቀን 50 ብር ማለት በ20 ቀን ዋናው ይመለሳል፤ በአንድ ዓመት ከ18 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። ያንኑ 1,000 ብር ባንክ ብታስቀምጡት በ7 በመቶ ወለድ በዓመት የምታገኙት 70 ብር ነው። እንዲህ የሚያተርፍ ንግድ ቢኖር ባለቤቱ ከባንክ ተበድሮ ብቻውን ይሠራው ነበር እንጂ ቴሌግራም ላይ የእናንተን 1,000 ብር አይለምንም።

የሚከፈላችሁ ከትርፍ አይደለም፤ ከኋላችሁ ከሚገቡት ሰዎች ብር ላይ ነው። ለዚህም ነው «ሰው አስገቡ፣ ኮሚሽን አላችሁ» የሚሉት። አዲስ የሚገባ ሰው ሲቀንስ አፑ አንድ ሌሊት ይጠፋል። ያኔ የምታጡት ብር ብቻ አይደለም፤ እናንተ ያስገባችኋቸው የሰፈር ልጆች፣ የአክስት ልጆች ፊታቸውን ያዞሩባችኋል።

የሥራ ማስታወቂያም ላይ ሕጉ ያው ነው። ለመቀጠር ቀድማችሁ ብር የምትከፍሉበት ሥራ («የፎርም»፣ «የዩኒፎርም»፣ «የሥልጠና») ሥራ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ብድርም እንደዚሁ፤ «በ10 ደቂቃ 100 ሺህ ብር ብድር፣ መጀመሪያ 1,500 ብር የአገልግሎት ክፍያ» የሚል አበዳሪ 1,500ውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

«ዲቪ ደርሶዎታል» ብሎ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የሚመጣም አለ። የዲቪ ውጤት የሚታየው ራሳችሁ የማረጋገጫ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የአሜሪካ መንግሥት ድረገጽ ላይ ገብታችሁ ስትፈትሹ ነው። የደረሰው ሰው መልእክት አይላክለትም።

🔴 አምስተኛ፦ ኦንላይን ለምትሸጡ እና ለምትገዙ

ጫማ፣ ልብስ፣ ስልክ በቴሌግራምና በቲክቶክ የምትሸጡ ልጆች፦ ገዢው «ልኬዋለሁ» ብሎ የደረሰኝ ስክሪንሾት ሲልክላችሁ ዕቃውን አታስረክቡ። ስክሪንሾት በስልክ አፕ በደቂቃ ይሠራል። የባንክን ደረሰኝ ቁጭ አስመስለው የሚያወጡ አሉ። ሊንክ ወይም ኪውአር ኮድ ቢኖረውም የሚወስዳችሁ ራሳቸው ወደሠሩት ገጽ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እስክታዩ ሞተረኛውም ይጠብቅ፣ ገዢውም ይጠብቅ። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» ከተባለም «ሲገባ ትወስዳለህ» በሉ። ነውር የለውም።

ለምትገዙት ደግሞ፦ ዋጋው ከገበያው በግማሽ የረከሰ፣ ኮሜንት የተዘጋበት፣ «ቀድመህ ክፈል፣ ዴሊቨሪ ነፃ» የሚል ገጽ ላይ ጠርጥሩ። ዕቃውን አይታችሁ፣ ነክታችሁ ክፈሉ።

🔴 ስድስተኛ፦ «ሒሳብህን አከራየኝ»

ይህን ለብቻው ያወጣነው እስር ቤት ሊያስገባችሁ ስለሚችል ነው። «ብር የሚገባልኝ አለ፣ በአንተ ሒሳብ ልቀበል፣ 1,000 ብር እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። ወይም ኤቲኤም ካርድና ሲም ካርድ በስማችሁ አውጥታችሁ እንድትሸጡለት ይጠይቃል። የተማሪ ኪስ ባዶ ሲሆን ይህ ቀላል ብር ይመስላል።

የሚገባው ብር ግን እንደዚያች ተማሪ ከመሳሰሉ ሰዎች የተወሰደ ነው። ፖሊስ ዱካውን ሲከተል የሚያገኘው ስም የማን ነው? የእናንተ። «እኔ አላውቅም ነበር» ማለት ከጥያቄ አያድንም። በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማጭበርበር በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ባንክ ውስጥ ዱካ እንደማይጠፋ በመጋቢት 2016 አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ባጋጠመበት ሌሊት ብዙ ሰው፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የራሱ ያልሆነ ብር አወጣ፣ አስተላለፈ። ከቀናት በኋላ ባንኩ ሁሉንም በስም ያውቅ ነበር። ብሩን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ እስከመለጠፍ ደርሷል። በስማችሁ የተከፈተ ሒሳብ ፊታችሁ ማለት ነው፤ ለማንም አታውሱ።

🔴 ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት

አሥር ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

✅ ቴሌግራም እና ዋትሳፕ ላይ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ።
✅ የባንክና የሞባይል ገንዘብ ፒናችሁ የልደት ዓመት ወይም 1234 ከሆነ ቀይሩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት አታድርጉ። ፒናችሁን ፎቶ አንስታችሁ ወይም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ጽፋችሁ ከሆነ አጥፉት።
✅ የስልካችሁን ስክሪን ቆልፉ። ሲም ካርዱ ላይም ፒን አድርጉ፤ ስልኩ ቢሰረቅ ሲሙን አውጥተው ሌላ ስልክ ላይ ከተው ኮድ እንዳይቀበሉበት።
✅ መልእክት ሲመጣ ስክሪኑ ሳይከፈት ላዩ ላይ እንዳይነበብ አድርጉ።
✅ ኔትወርካችሁ ያለምክንያት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ዝም አትበሉ። አንድ ሰው በስማችሁ ምትክ ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ ስልክ ደውላችሁ አጣሩ።

🔴 ከተበላችሁ፦ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ማልቀሱም መናደዱም በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ፦

1. ወዲያው ደውሉ። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951። የሌላ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ የባንካችሁን አጭር ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በጭንቅ ሰዓት ጎግል ላይ አትፈልጉ፤ ሐሰተኛ «የደንበኞች አገልግሎት» ቁጥር የሚለጥፉም አሉና። ሒሳባችሁን እንዲዘጉና ብሩ የሄደበትን ሒሳብ እንዲያግዱ ጠይቁ። ብሩ ገና ካልወጣ ተስፋ አለ፤ ስለዚህ ደቂቃዋ ዋጋ አላት።

2. ምንም አታጥፉ። የደወለላችሁን ቁጥር፣ የመጣውን መልእክት፣ የላካችሁበትን የግብይት ቁጥር ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። በንዴት ቻቱን ዲሊት ማድረግ ማስረጃን ማቃጠል ነው።

3. ለፖሊስ አመልክቱ። ባንክ የሰው ሒሳብ መረጃ በቃል ለጠየቀው ሁሉ አይሰጥም፤ የፖሊስ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ነገሩ ይንቀሳቀሳል። የሳይበር ጥቃት ከሆነ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በ933 ጥቆማ ይቀበላል።

4. ለሰው ንገሩ። አካውንታችሁ ከተጠለፈ በስልክም በፌስቡክም «ከእኔ ብር ሲጠየቅ እንዳትልኩ» በሉ።

5. «ብርህን አስመልስልሃለሁ» የሚል «ሀከር» በኢንቦክስ ቢመጣ እሱም አጭበርባሪ ነው። በችግር ላይ ያለ ሰው ማንንም እንደሚያምን ያውቃሉ።

🔴 ስለ ይሉኝታችን

አንዳንዱ «እንግዲህ ሰው አታምኑ ማለታችሁ ነው?» ሊለን ይችላል። አይደለም። ርኅራኄያችን ይቅርብን አላልንም። የምንለው፣ መርዳትና መላክ መካከል ሁለት ደቂቃ አስገቡ ነው። ስልኩን ዝጉ። ሒሳባችሁን እዩ። በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ መልሳችሁ ደውሉ። እውነተኛ ችግር ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። አጭበርባሪው ግን «ስልኩን አትዝጊ» የሚለው ሁለቱን ደቂቃ ስለሚፈራ ነው።

አንድ ነገር አደራ እንበላችሁ። ይህን የምታነቡት እናንተ ስልክ ትችላላችሁ። እናታችሁ፣ አባታችሁ፣ ጎረቤት ያሉት እማማ ግን ስልክ ተደውሎ «ከባንክ ነው» ሲባሉ «እሺ ጌታዬ» ብለው ቁጥሩን ያነባሉ። ዛሬ ማታ አጠገባቸው ቁጭ በሉና አንድ ነገር ብቻ አስይዟቸው፦ «እማዬ፣ በስልክ የመጣ ቁጥር ማንም ቢጠይቅሽ አታንብቢ። እኔም ብሆን ብጠይቅሽ አታንብቢ። መጀመሪያ ደውዪልኝ።»

ተማሪዋ በመጨረሻ ለቤተሰቦቿ ነገረቻቸው። ይቆጡኛል ብላ ነበር የፈራችው። አባቷ ዝም ብለው ሰሟትና «እኔንም ባለፈው ወር 3,000 ብር በልተውኛል፤ ላንቺ ለመንገር አፍሬ ነው» አሏት። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለአባት አፍረው ሁለቱም ተበሉ። አባትየው ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ልጅቷ ያንን ስልክ ስታነሳ አንድ ነገር ታስብ ነበር።

እናንተም የደረሰባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ስማችሁ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፣ እንጠብቃለን። እናንተ የምትጽፉት አንድ አንቀጽ የሌላውን የቤት ኪራይ ሊያድን ይችላል።

ሼር አድርጉት። በተለይ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ።